የቀበሌው ዕቅድ ከዝናቡ ልክ ይጀምር

በስምጥ ሸለቆው ቆላ፣ ከአዳማ እስከ ቦሰትና ከዚያም አልፎ ባለው አገር፣ ሚያዝያ ሲገባ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን አዘጋጅቶ፣ ዘሩን ከጎተራ አውርዶ ሰማዩን መመልከት ይጀምራል። ዝናቡ በሚያዝያ መጥቶ ከጸና ለመድረስ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን በቆሎና ማሽላ ይዘራል። ሚያዝያና ግንቦት በደረቁ ካለፉ ግን ሐሳቡን ለውጦ በሰኔ ቶሎ የሚደርስ በቆሎ ወይም ቦለቄ፣ በሐምሌ ደግሞ ጤፍ ያስከትላል። ይህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ስልት ነው። ማንም ባለሙያ መጥቶ አላስተማረውም።

ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ መጣ ተብሎ ዘሩ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ሰማዩ ሲከዳ ነው። አንድ ጊዜ የተበተነ ዘር ተለቅሞ ወደ ጎተራ አይመለስም። ለዳግም ዘር የሚሆን በቤት ከሌለ ከገበያ ሊገዛ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የሚፈልገው ሁሉም ሰው ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። ገንዘብ የሌለው ፍየሉን ይሸጣል፤ ፍየል የሌለው ይበደራል ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ነገር በጉባኤና በሰነድ ላይ ምንም ይባል ምን፣ በገበሬው ደጃፍ የሚደርሰው በዚህ መልክ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሰው በመስማት ብቻ አይደለም። ከኮሌጅ በዲፕሎማ እንደ ተመረቅሁ በልማት ሠራተኛነት በተመደብሁበት አንድ የቆላ ቀበሌ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን በተከታታይ ዘነበ። እኔም ከቤት ወደ ቤት እየዞርሁ የዘር ጊዜ እንዳያመልጥ አሳሰብሁ። «አባባ» እያልሁ የምጠራቸው አንድ አዛውንት ግን ወደ ማሳቸው ወስደው መሬቱን በዶማ ቆፍረው አሳዩኝ። ርጥበቱ አራት ጣት እንኳ አልገባም ነበር። «ልጄ፣ ይህ ዝናብ አቧራውን ነው ያጠፋው» አሉኝ። እኔ ደግሞ የተማርሁትን እየጠቀስሁ ተከራከርኋቸው። «እንግዲህ የተማርህ አንተ ነህ» ብለው ዘሩ። ከዚያ በኋላ 13 ቀን ሙሉ አንድ ጠብታ አልወረደም። በቆሎው ግማሹ ከአፈሩ ሳይወጣ ቀረ፤ የወጣውም ጠውልጎ ደረቀ። አባባ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ የሁለት ቀን ዝናብ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ነበረ እኔ አላውቅም፤ በቀበሌውም የሚያውቅ አልነበረም። ለመለካት የሚያስችል አንድ ዕቃ አልነበረንም። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወራ ሥዕላዊ ማስታወቂያ ግን በማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ከኃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራ መለኪያ

የዝናብ መለኪያ ሲባል ብዙ ሰው በአጥር የተከለለ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ይታየዋል። እንዲህ ያለው ጣቢያ በየቀበሌው ሊተከል አይችልም። ይሁን እንጂ ለመንደር ሥራ የሚበቃ መለኪያ ወንድና ሴት ተማሪዎች በግማሽ ሰዓት ሊሠሩት ይችላሉ። ጎኑ ቀጥ ያለ የኃይላንድ ጠርሙስ ይመረጥና አናቱ ከሚጠብበት በታች ይቆረጣል። የተቆረጠው አናት ክዳኑ ወጥቶ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ በላዩ ይደረጋል፤ ይህም የገባው ውኃ በፀሐይ እንዳይተን ይረዳል። የጠርሙሱ ግርጌ ጎርባጣ ስለሆነ ጥቂት ጠጠር ተጨምሮ፣ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሞላና እዚያ ላይ የዜሮ መስመር ይሰመራል። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ምልክት ይደረጋል። በቃ፤ ይኸው ነው።

መለኪያው ከዛፍና ከቤት ርቆ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ ወይም ከእንጨት ጋር ታስሮ መቆም አለበት። ንባቡ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይደረጋል፤ የአገሪቱ ጣቢያዎችም የሚያነቡት በዚሁ ሰዓት ስለሆነ ለማነጻጸር ይመቻል። ከተነበበ በኋላ ውኃው እስከ ዜሮው መስመር ይደፋል፤ ውኃው ከመስመሩ ጎድሎ ከተገኘም ይሞላል።

ስለ ቁጥሩ ትርጉም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ የልማት ሠራተኞች ሳያስረዱት የሚያልፉት ጉዳይ ነውና። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ሜትር ካሬ መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። በአንድ ሄክታር 10,000 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ የወረደው ውኃ 75,000 ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ ሢሶው ቁልቁል ቢሸሽ 25,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 125 በርሜል ውኃ ከአንድ ገበሬ ማሳ አምልጦ ሄደ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በጠጠር እየቆጠሩ ለገበሬዎች ማስረዳት ስለ እርከን ጥቅም ግማሽ ቀን ከመናገር ይሻላል።

የዘር ጊዜ ደረሰ ለማለት የሚያገለግል የታወቀ መስፈርት አለ። በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ9 ወይም ከ10 ቀን በላይ የሚዘልቅ ድርቀት ካልገጠመ፣ ዝናቡ እውነተኛ መግቢያውን ገብቷል ይባላል። ይህን በኮሌጅ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። ያን ጊዜ ያላስተዋልሁት የመስፈርቱ ግማሽ ወደ ኋላ፣ ግማሹ ደግሞ ወደ ፊት የሚያይ መሆኑን ነው። 20ው ሚሊ ሜትር በጠርሙሱ ይለካል። ቀጣዩን 30 ቀን ግን ማንም ለክቶ አያውቀውም፤ ያለፉት ዓመታት መዝገብና የወቅቱ ትንበያ ናቸው ጥቂት ፍንጭ የሚሰጡት። ስለዚህ መለኪያው ብቻውን አይበቃም።

ዝናቡ ቀነሰ ወይስ መሬቱ አልያዘውም?

በየትኛውም ቀበሌ አዛውንቶችን ጠይቁ፤ ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። ሰኔና ሰኞ የገጠመበትን ዓመት፣ የ1966ቱን፣ የ1977ቱን ድርቅ እያነሱ ያስረዳሉ። ይህ ትውስታ ትልቅ ሀብት ነው፤ በየትኛውም ቢሮ መዝገብ ውስጥ የማይገኝ ዝርዝር አለበት። ነገር ግን ትውስታ ለብቻው ሊያሳስት ይችላል።

በአገር ደረጃ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያ አማካይ የሙቀት መጠን 1.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ጨምሯል። ሙቀቱ መጨመሩ አያከራክርም። ስለ ዓመታዊው የዝናብ ድምር ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አይደለም። ከዓመት ዓመት፣ ከአሥር ዓመት አሥር ዓመት የሚታየው መለዋወጥ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በአገር ደረጃ አንድ ወጥ የመቀነስ ወይም የመጨመር አዝማሚያ አለ ለማለት አስቸግሯል። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው ውኃ ይበዛል፤ በዚህም የተነሣ የዝናቡ ልክ ሳይቀንስም ሰብሉ የሚጠማበት ጊዜ ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የመዝገቡ ጥቅም የሚታየው። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ከአፍሪካ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያዘጋጀውና በጋናና በሌሎችም አገሮች የተሠራበት አንድ ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ የልማት ሠራተኛው በአቅራቢያው ካለ ጣቢያ የበርካታ ዓመታት የዝናብ መዝገብ አምጥቶ፣ በእያንዳንዱ ዓመት ስንት እንደ ዘነበ፣ መቼ እንደ ጀመረና መቼ እንዳቆመ በሥዕል ለገበሬዎች ያሳያል። ገበሬዎቹም ከራሳቸው ትውስታ ጋር እያስተያዩ ይወያያሉ። ሥዕሉ በወረቀት ባይሠራ በመሬት ላይ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር አስምሮ በባቄላ ፍሬ መደርደር ይቻላል።

እንዲህ ያለው ውይይት አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ ውጤት ያመጣል። ገበሬው ዝናቡ ቀነሰ ሲል መዝገቡ ድምሩ አልቀነሰም ይላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ገበሬው ተሳስቷል ብሎ መደምደም የለበትም። ገበሬው የሚለካው በሰማዩ ሳይሆን በሰብሉ ነው። ኮረብታው ተራቁቶ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ መሬቱ የወረደውን ውኃ መያዝ ካቃተው ለሰብሉ ዝናቡ ቀንሷል። መድኃኒቱ ግን ይለያያል። የዝናቡ ወቅት በእርግጥ ካጠረ ቶሎ የሚደርስ ዘር ያስፈልጋል። ዝናቡ እንዳለ ሆኖ መሬቱ ካልያዘው ደግሞ ቶሎ ደራሽ ዘር ማምጣት ለብቻው አያድንም፤ እርከን፣ የውኃ ማሥረጊያ ጉድጓድ፣ ውኃው እንዳይሸሽ በቦዮች መካከል በየአጭር ርቀቱ አፈር እየገደቡ ማረስ ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ጉልበትና ገንዘብ ውስን ስለሆኑ የትኛው መቅደም እንዳለበት ሳይታወቅ ዕቅድ አውጥቻለሁ የሚል ቀበሌ በጭለማ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ነው።

ትንበያው እንዴት ይነበብ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ወቅቶች የየወቅቱን መግቢያ እየቀደመ ትንበያ ያወጣል። በየአሥር ቀኑም ለግብርና ሥራ የሚሆን መግለጫ ያዘጋጃል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የስልክ መስመርም ገበሬው በነፃ ደውሎ በቋንቋው የግብርና ምክር እንዲሰማ ታስቦ የተዘረጋ ነበር። ሬዲዮውም አለ። ከመረጃ እጦት ይልቅ መረጃውን ፈትቶ የሚያስረዳ ሰው ማጣት የባሰ ችግር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ትንበያ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 40 በመቶ ነው ቢል፣ ቀበሌው ዘንድ ሲደርስ «ዘንድሮ ድርቅ ነው» ተብሎ ይነገራል። ቁጥሩ ግን እንዲህ አላለም። እንዲህ ያለ ትንበያ በ10 ዓመት ቢሰጥ በ4ቱ ዝናቡ ያንሳል፣ በ6ቱ ግን መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል ማለቱ ነው። ድርቅ ነው ተብሎ ዝናብ የመጣ ዕለት ገበሬው ትንበያን ሁለተኛ አይሰማም። ትክክለኛው አነጋገር እንደ ቁማር ሳይሆን እንደ ቤት አስተዳደር ነው፤ ማሳህን ሁሉ በአንድ ዘር አትሸፍን፣ ከመሬትህ ከፊሉን ቶሎ ለሚደርሰው ተው፣ ለዳግም ዘር የሚሆንህን አትብላ ማለት ነው።

ትንበያው ጮኾ የሚናገርባቸው ዓመታትም አሉ። በፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ውኃው ከተለመደው በላይ ሲሞቅ ኤልኒኞ ተከሠተ ይባላል፤ ይህም በሰሜን፣ በመካከለኛውና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ የማዳከም ጠባይ አለው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች ደግሞ ከመስከረም በኋላ ያለውን ዝናብ የማበርታት ዝንባሌ ስላለው እዚያ የሚያሠጋው ጎርፍ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ኤልኒኞ ምን እንዳስከተለ ይታወሳል፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ትንበያው ቢደርስም የሁለተኛው ዘር በቀበሌው ጎተራ ከሌለ ማወቁ ብቻ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ዘሩ አስቀድሞ መኖር አለበት። በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በእንዲህ ያለው ርጥበት አጠር አገር ላይ የሚሠራ ነው። «መልካሳ» የሚባሉት ቶሎ ደራሽ በቆሎዎች፣ በ1982 ዓ.ም. የወጣው «አዋሽ 1» ቦለቄ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው «መልካም» ማሽላ የማዕከሉ ሥራዎች ናቸው። በደብረ ዘይት ደግሞ ቶሎ የሚደርሰው «ፀደይ» ጤፍ ገና በ1976 ዓ.ም. ወጥቷል። ዘር አልተገኘም ማለት አይቻልም። የጎደለው ከምርምር ማዕከሉ እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ነው። ጥቂት ገበሬዎች በማሳቸው እያባዙ፣ ቀበሌውም በጋራ ጎተራ ለክፉ ቀን እያስቀመጠ ካልሆነ፣ ሰኔ ላይ ዘር ፍለጋ ከወረዳ ወረዳ መሮጥ ይቀጥላል።

በመጽሐፍ ያለው በመሬት ላይ

ኅብረተሰቡ ራሱ ዕቅድ ያውጣ ሲባል አዲስ ነገር ይመስላል፤ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት በደጋማው አገር በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ችግኝ ተተክሎ ነበር። ዕቅዱ የሚወጣው ግን ከ30 እስከ 40 ሺህ ሄክታር ለሚሆን ሰፊ ተፋሰስ ሲሆን፣ ባለመሬቱ እርከኑ በማሳው ላይ ሲያልፍ ነበር የሚያየው። አሳቡን የጠየቀው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ኮረብታ ከብት ገባበት፣ ዛፉም ተቆረጠ። ያን ያህል ጉልበት ፈሶ ባለቤት አልነበረውም ማለት ነው።

ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ሙከራ የዕቅዱ ስፋት እያነሰ፣ የገበሬው ድምፅ እየጨመረ መጣ። ይህ ልምድ ተጠናቅሮ በጥር 1997 ዓ.ም. የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ባሳተመው የኅብረተሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ላይ ሰፍሯል። መመሪያው የአንድ ኅብረተሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ያህል እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ሰዎች የሚተዋወቁበት፣ በእግር ወጥተው ወርደው የሚጨርሱት ስፋት ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የዕቅድ ቡድን ይመርጣል። ቡድኑ ከተራራው አናት እስከ ወንዙ ድረስ እየተጓዘ ያያል፤ ካርታ ይሥላል፤ ችግሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ያወጣውንም ዕቅድ መልሶ ለጉባኤው አቅርቦ ያጸድቃል። ሥራውም ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ አናቱ ሳይያዝ ግርጌው ላይ ቦረቦር ለመገደብ መሞከር የሰው ጉልበት ማባከን ነውና።

እኔ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ በመሬት ላይ የሚሣለው ካርታ ነው። አመድ መንገድ ይሆናል፣ ድንጋይ ቤት ይሆናል፣ ቅጠል ደን ይሆናል። ማንበብ የማይችሉ እናት ከተማረው ወጣት እኩል ዱላቸውን ዘርግተው ያርማሉ። በዚህ ጊዜ ሴቶችን ለብቻ ሰብስቦ ካርታ እንዲሥሉ ማድረግ ያስፈልጋል። ወንዶቹ ምንጩን በአንድ ድንጋይ አመልክተው ያልፋሉ፤ ሴቶቹ ግን ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ከደረቀ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይናገራሉ። ለድርቅ ዕቅድ የሚያስፈልገው ዕውቀት ይኸኛው ነው።

ይሁንና አሁን ባለው የአየር ጠባይ ይህ ዕቅድ አንድ ነገር ይጎድለዋል ባይ ነኝ። ብዙው የቀበሌ ዕቅድ በዚህ ዓመት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ የሚል ነው። ዝናቡ ቢዘገይስ? ቢያቋርጥስ? ጎርፍ ቢመጣስ? እስከ ሚያዝያ 30 በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ካልተለካ ማን ምን ይዘራል፣ የጋራው ዘር ለማን ይሰጣል፣ በስንት ይመለሳል፣ ከብቱ የት ይውላል፣ የተከለለው ሣር መቼ ይታጨዳል የሚለው ገና በየካቲት፣ ሰው ሳይጨነቅ ተነጋግሮ መወሰን አለበት። ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጭቅጭቅ እንጂ ዕቅድ አይወጣውም። ዕድርን ተመልከቱ፤ ማን ድንኳን እንደሚያመጣ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ሳይሞት ነው የሚወሰነው።

ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ያወጣችው ብሔራዊ የማጣጣሚያ ዕቅድ 18 አማራጮችን ይዘረዝራል። ጥሩ ሰነድ ነው። ነገር ግን 18ቱን በሙሉ ለአንድ ቀበሌ ማውረድ ለአንድ በሽተኛ የመድኃኒት ቤቱን ሁሉ እንደ መስጠት ነው። ቀበሌው ሦስቱን ወይም አራቱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ለመምረጥም ልኩን ማወቅ አለበት።

ጉልበቱ ከየት ይምጣ ለሚለው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አንድ መልስ ሰጥቷል፤ ምግብ የሚጎድለው ቤተሰብ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል እየተከፈለው በተፋሰስ ሥራ ይሳተፋል። በዚህ ዓይነት ጉልበትና በነዋሪዎች የነፃ ሥራ ምን ሊገኝ እንደሚችል ለማየት በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃን ታሪክ መጥቀስ ይበቃል። ተራቁቶ ሕዝቡ ሊነሣበት ነው ሲባል የነበረው ሸለቆ ኮረብታው ተከልሎ፣ እርከንና የውኃ ማሥረጊያ ተሠርቶለት፣ ከጊዜ በኋላ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ቀርቦ ገበሬው ከጉድጓድ እየቀዳ አትክልት እስከ ማልማት ደርሷል። በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል።

በዚያው በትግራይ በ2001 ዓ.ም. ዓዲ ሓ በተባለች መንደር 200 ቤተሰቦች የዝናብ መድን ገቡ። መድኑ የሚከፍለው የማሳው ጉዳት ታይቶ ሳይሆን ከሳተላይት የተገኘው የዝናብ ልክ ከተወሰነው በታች ሲሆን ነው። ድኻ ገበሬዎች መዋጮውን በገንዘብ ሳይሆን በጉልበት፣ በአካባቢ ጥበቃ ሥራ እንዲከፍሉ መደረጉ ብልኅ አሳብ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። ሳተላይቱ ዘንቧል ሲል በገበሬው ማሳ ያልዘነበ እንደሆነ ክፍያ የለም። በኮረብታማ አገር ዝናብ ከመንደር መንደር እንደሚለያይ ሁሉም ያውቃል። ቀበሌው የራሱ የተመዘገበ ቁጥር ካለው ወደ መድኑ ከመግባቱ በፊት ሊያነጻጽር፣ ቅሬታም ቢኖረው በልቅሶ ሳይሆን በደብተር ሊያቀርብ ይችላል።

ደብተሩን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ያልዘነበበት ቀን 0 ተብሎ መጻፍ አለበት። ባዶ የተተወ መስመር አልዘነበም ማለት ይሁን፣ ማንም ሳያየው ቀረ ማለት ይሁን በሚቀጥለው ዓመት የሚያውቅ አይኖርም። ብዙ መዝገብ የተበላሸው በዚህ ነው።

ወደዚያች ቀበሌ በሌላ ክረምት መግቢያ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ በዚህ ጊዜ የተቆረጠ የኃይላንድ ጠርሙስና አንድ ደብተር ይዤ። አባባ ጠርሙሱን አገላብጠው ካዩት በኋላ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ፍየል በማይደርስበት አጥር ውስጥ ራሳቸው ተከሉት። የምትጽፈው የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ነች። ከሳምንታት በኋላ ደብተሩን ሳየው በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሰኔ 3፣ 0፤ ሰኔ 4፣ 0፤ ሰኔ 5፣ 17 ይላል። በ5ኛው ቀን ጠዋት ምን እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው። 17 ከ20 ስለሚያንስ ዶማቸውን ይዘው ወደ ማሳ ወርደው ቆፈሩ፤ ርጥበቱ ስንዝር አልሞላም ነበር። የቦለቄውን ዘር እንደ ተቋጠረ ወደ ቤት መለሱት። በማግስቱ ሌሊት 22 ሚሊ ሜትር ጣለ፤ ሰኔ 7 ዘሩ።